ዕቅዴ «አይለካም» ተብሎ ተመለሰብኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በኔትወርክ ባለሙያነት ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የግል ዕቅድ ስንሞላ «ራስን ማብቃት» ከሚለው ግብ ሥር «በበጀት ዓመቱ ሲሲኤንኤ፣ የአማዞን ክላውድ፣ የማይክሮሶፍት አዡርና ፒኤምፒ፣ በድምሩ አራት ሰርተፍኬት መውሰድ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ይኼ አይለካም፣ አስተካክለህ አምጣ» ብለው መለሱልኝ። አራት ብዬ ቁጥር ካስቀመጥኩ እንዴት ነው የማይለካው?

አንድ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ሲሲኤንኤን፣ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠውን የኔትወርክ ፈተና፣ አምና በራሴ ገንዘብ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የውጤት ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የኔትወርክ መሠረታውያን 75 በመቶ፣ ኔትወርክ አክሰስ 60፣ አይፒ ኮኔክቲቪቲ 48፣ አይፒ ሰርቪስ 70፣ ሴኩሪቲ 66፣ አውቶሜሽን 80። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ ነው፤ አሁን አውቶሜሽኑን እየደገምኩት ነው። ባንኩ የፈተና ክፍያ የሚመልሰው ላለፈ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ መውደቅ አልችልም። ዕቅዱን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ዝግጁ መሆኔንስ በምን ልወቅ?

ዕቅዱ የተመለሰበት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

አለቃዎ ልክ ናቸው፤ የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላሳዩዎትም። «አራት» የሚለው ቁጥር ዒላማ ነው። ቅጹ ላይ ከዒላማው በፊት «መነሻ» የሚል ሳጥን አለ፤ እርስዎ ባዶውን ትተውታል ወይም «0» ጽፈውበታል ብለን እንገምታለን። መነሻ የሌለው ዒላማ ዓመቱ ሲያልቅ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» ከመባል በቀር ሌላ ስሌት አይወጣለትም። በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ላይ «ምን ላይ ደረስክ?» ቢባሉ ያለዎት መልስ «እያነበብኩ ነው» ብቻ ይሆናል። ለዚህ መልስ ነጥብ መስጠትም መንፈግም አይቻልም።

መነሻው ደግሞ በእጅዎ አለ፤ ያልነገሯቸው የውጤት ወረቀት ነው። ሌላው ከዜሮ ሲነሳ እርስዎ ፈታኙ ራሱ በስድስት ክፍል ተንትኖ የሰጠዎት መነሻ አለዎት። 300 ዶላር ከፍለውበታልና ይጠቀሙበት።

ከዚያ በፊት አራቱን ወደ አንድ እናውርድ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ እርስዎ አራት ላይ ሊወጡ ነው።

ፒኤምፒ፣ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ሰርተፍኬቱ፣ እንደ ሌሎቹ ከፍለው ገብተው የሚፈተኑት አይደለም። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው ለመፈተን 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት የፕሮጀክት ሥራ አመራር ትምህርት ማሳየት አለበት። ማመልከቻው ለማጣራት ሊመረጥ ስለሚችልም የጻፉትን የሚያረጋግጥልዎ የቀድሞ ወይም የአሁን ኃላፊ ያስፈልጋል። አምስት ዓመት መሥራትና 36 ወር መምራት ይለያያሉ። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት የኔትወርኩን ዝርጋታ ከዕቅድ እስከ ርክክብ እርስዎ ከመሩት ይቆጠራል፤ ገመድ ከጎተቱ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ የዘንድሮው የፒኤምፒ ግብ ፈተናው ሳይሆን አንድ ሰነድ ነው፦ የመሯቸው ሥራዎች ዝርዝር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ያስረከቡት ምን እንደሆነ፣ ያጸደቀው ኃላፊ ማን እንደሆነ። ሰው ሥራ ሲቀይር ምስክር ይጠፋልና ይህን ሰነድ ባያዘገዩት ጥሩ ነው።

የማይክሮሶፍት አዡር አስተዳዳሪ ሰርተፍኬት የሚያገለግለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ማደሻው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ፈተና ነው፤ ጊዜው ከማለቁ ስድስት ወር ጀምሮ ክፍት ይሆናል። ነፃ መሆኑ ጥሩ፤ ነገር ግን አዡርን በሥራዎ በየቀኑ የማይነኩት ከሆነ በየዓመቱ የረሱትን ትምህርት እንደገና መጀመር ይሆንብዎታል። የአማዞን ክላውድ ፕራክቲሽነር ቀላሉ ነው፦ 65 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ 100 ዶላር፣ ማለፊያው ከ1000 ውስጥ 700፣ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት። ባንክዎ ወደ ክላውድ እየሄደ ከሆነ ለከርሞ ያስቡበት። ካልሆነ ግን ለጊዜው ይለፈው።

የቀረው ሲሲኤንኤ ነው፤ የፈተና ቁጥሩ 200-301፣ ጊዜው 120 ደቂቃ፣ ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት።

አሁን ወደ ስሌቱ። ሲስኮ የስድስቱን ክፍሎች ክብደት በግልጽ አስቀምጧል፦ የኔትወርክ መሠረታውያን 20 በመቶ፣ ኔትወርክ አክሰስ 20፣ አይፒ ኮኔክቲቪቲ 25፣ አይፒ ሰርቪስ 10፣ ሴኩሪቲ 15፣ አውቶሜሽን 10። ያገኙትን በየክብደቱ አባዝተው ይደምሩ። 75ቱ በ20 በመቶ ሲባዛ 15፣ 60ው በ20 በመቶ 12፣ 48ቱ በ25 በመቶ 12፣ 70ው በ10 በመቶ 7፣ 66ቱ በ15 በመቶ 9.9፣ 80ው በ10 በመቶ 8። ድምሩ 63.9 ነው። መነሻ በሚለው ሳጥን የሚገባው ቁጥር ይህ ነው። ሲስኮ ነጥብ የሚሰጠው በራሱ ቀመር ስለሆነ 63.9 የፈተናዎ ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ ራስዎን ከራስዎ ጋር ለማወዳደር ግን ይበቃል። ከፈተናው ዓመት ስላለፈ፣ ዝግጅቱን ከመጀመርዎ በፊት ከዚህ ቀደም ያላዩትን አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና በሰዓት ተቀምጠው በዚሁ መንገድ ያስሉት። በአምስት ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ አዲሱን ይያዙ።

ዒላማውን 85 እናድርገው። «ማለፊያው ስንት ነው?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ሲስኮ የሲሲኤንኤን ማለፊያ ነጥብ አያሳውቅም፤ በቴሌግራም ቡድኖች የሚዞሩት ቁጥሮች ከአፍ ወደ አፍ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ማለፊያው ላይ ለመድረስ ሳይሆን ከማለፊያው ርቆ ለመቆም ነው የሚታቀደው። ከ63.9 እስከ 85 ያለው ክፍተት 21.1 ነው።

ይህ ክፍተት በስድስቱ ክፍሎች እኩል አልተከፋፈለም። አይፒ ኮኔክቲቪቲ ላይ ከ48 እስከ 85 የሚጎድልዎ 37 ነው፤ በ25 በመቶ ሲባዛ 9.25። ኔትወርክ አክሰስ 5፣ ሴኩሪቲ 2.85፣ የኔትወርክ መሠረታውያን 2፣ አይፒ ሰርቪስ 1.5። ማታ ማታ እየደገሙት ያለው አውቶሜሽን 0.5 ብቻ! ከጎደለዎት ነጥብ አርባ አራት በመቶ የሚሆነው አይፒ ኮኔክቲቪቲ፣ በተለይም ራውቲንግ (መረጃ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያልፍበትን መንገድ መምረጥ) ላይ ሆኖ ሳለ ምሽትዎ የሚያልፈው ሊጨምርልዎ የሚችለው ከግማሽ ነጥብ በማይበልጥ ክፍል ላይ ነው። ደስ የሚለውን መድገም የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ለዚህም ነው የጥናት ሰዓት በስሜት የማይከፋፈለው።

120 የጥናት ሰዓት ቢይዙ በዚህ ክፍተት ልክ ሲከፋፈል፦ ራውቲንጉ ያለበት አይፒ ኮኔክቲቪቲ 53 ሰዓት፣ ኔትወርክ አክሰስ 28፣ ሴኩሪቲ 16፣ መሠረታውያን 11፣ አይፒ ሰርቪስ 9፣ አውቶሜሽን 3። በሦስቱ የአውቶሜሽን ሰዓት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ፈተናው ቁጥሩን ሳይቀይር ይዘቱ ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.1 የተባለው ዝርዝር ፓፔትንና ሼፍን አስወጥቶ ቴራፎርምን አስገብቷል፤ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስም ጨምሯል። አምና ያጠኑበት መጽሐፍ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ የይዘቱን ዝርዝር ከሲስኮ ገጽ አውርደው ያመሳክሩት።

ሰዓት ስንል ቪዲዮ የታየበትን ሰዓት ማለታችን አይደለም። ቪዲዮ ሲያዩ የሚገባዎት አስተማሪው የሠራው ነው። በሳምንት ሰባት ሰዓት ካለዎት፣ ለምሳሌ በአራት ምሽት አንድ አንድ ሰዓትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ቪዲዮው ከሁለቱ ሰዓት አይለፍ። የቀረው አምስት ሰዓት እጅዎ ኪቦርድ ላይ ወይም ብዕርዎ ጥያቄ ላይ ያለበት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፦ ዝግጁ መሆንዎን በምን ያውቃሉ? ሦስት መለኪያ እንሰጥዎታለን። ሦስቱንም ሳያሟሉ የፈተና ቀን አይያዙ። «ቀን ከያዝክ በግድ ታጠናለህ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቢወድቅም ባይወድቅም ቀጣሪው ለሚከፍልለት ሰው ምክሩ ያስኬዳል፤ የእርስዎ 300 ዶላር ግን ከኪስዎ የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያው ሰብኔቲንግ፣ አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ኔትወርኮች መከፋፈል፣ ነው። ያለ ካልኩሌተር 20 ጥያቄ በ20 ደቂቃ፣ ከ20ው 18 ትክክል፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት በተከታታይ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ 192.168.10.77/27 የየትኛው ኔትወርክ ነው? 27 ማለት የማስኩ (የአድራሻውን የኔትወርክ ክፍል የሚለየው ቁጥር) መጨረሻ 224 ስለሆነ እርምጃው በ32 ነው፤ 0፣ 32፣ 64፣ 96። 77 በ64 እና በ96 መካከል ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ 192.168.10.64፣ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላክበት አድራሻ) 95፣ ለመሣሪያ የሚሰጡት ከ65 እስከ 94 ሠላሳ አድራሻ ነው። የሚሳሳት ሰው 192.168 ሲያይ በልማድ «ኔትወርኩ 10.0 ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ወጥመድ እርምጃው ወደ ሦስተኛው ቁጥር ሲዘልቅ ነው። 172.16.45.200/20 ላይ እርምጃው 16 ሆኖ የሚሠራው 45 ላይ ነው፤ 45 በ32 እና በ48 መካከል ስለሆነ ኔትወርኩ 172.16.32.0፣ ብሮድካስቱ 172.16.47.255 ይሆናል። ብዙ ሰው 200ን ይዞ ያሰላል። ይህን በደቂቃ ውስጥ የማይሠራ ሰው የራውቲንግ ጥያቄ ላይ ጊዜው ያልቅበታል፤ የእርስዎም 48 በከፊል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ የእጅ ሥራ ነው። ፓኬት ትሬሰርን፣ ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ከሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በነፃ ያወርዱታል። ባዶ ገጽ ከፍተው ሁለት ራውተርና ሦስት ስዊች ያስቀምጡ። ቪላን (በስዊች ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) 10 እና 20ን ይፍጠሩ፣ በስዊቾቹ መካከል ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) ይዘርጉ፣ ቪላኖቹን በአንድ የራውተር ወደብ በንዑስ ኢንተርፌስ ያገናኙ፣ በራውተሮቹ መካከል በአንድ ኤርያ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ያስነሱ፣ ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ በዲኤችሲፒ ይስጡ፣ ወደ ውጪ የሚወጣውን በኤንኤቲ (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጪ አድራሻ በመቀየር) ያውጡ፣ መጨረሻ ላይ ቪላን 20 ወደ አንዱ ሰርቨር እንዳይደርስ በአክሰስ ሊስት ይከልክሉ። ማስታወሻ ሳያዩ 40 ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብዎት አይደንግጡ።

የሚሰናከሉበት ቦታ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ራውተር ሲመጣ ወደቦቹ ዝግ ናቸው፤ «ኖ ሻትዳውን» ያልተባለ ወደብ ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖ እንኳ አይሠራም። ትራንኩ ላይ በሁለቱ ጫፍ ያለው ኔቲቭ ቪላን ካልተመሳሰለ ስዊቹ ያጉረመርማል፤ መልእክቱን ማንበብ ይልመዱ። ኦኤስፒኤፍ ጎረቤት አልያዝ ካለ በቅድሚያ ኤርያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ወደቦች ማስክ፣ ቀጥሎ የሄሎ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ወደቡ ፓሲቭ ተደርጎ እንደሆነ ያዩታል። በዚሁ ቅደም ተከተል ያድርጉት፤ እንደመጣልዎ ከነካኩ ያልተበላሸውንም ያበላሻሉ። የ/27 ዋይልድካርድ (የማስኩ ግልባጭ) 0.0.0.31 ነው፤ በችኮላ ማስኩን ራሱን የሚጽፍ ብዙ ነው። ኤንኤቲ የማይሠራው አብዛኛውን ጊዜ «ኢንሳይድ» እና «አውትሳይድ» በወደቦቹ ላይ ስላልተጻፈ ነው። አክሰስ ሊስት ላይ ደግሞ መጨረሻው መስመር ላይ የማይታይ «ሁሉንም ከልክል» አለ፤ ከእርሱ በፊት የሚፈቅድ መስመር ካልጻፉ ቪላን 20 ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያጣል። በየልምምዱ የተሰናከሉበትን በአንድ መስመር ይጻፉ። በአምስተኛው ልምምድ የሚደጋገመው ሁለት ወይም ሦስት ነገር እንደሆነ ያያሉ።

ሦስተኛው የልምምድ ፈተና ነው። ሦስት ሙሉ ፈተና፣ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ አዘጋጆች፣ እያንዳንዱ በ120 ደቂቃ፣ ያለ ስልክና ያለ ማስታወሻ። ሦስቱም 85ና ከዚያ በላይ፣ ከስድስቱ ክፍሎችም አንዱ እንኳ ከ75 በታች ያልወረደ። የሚቆጠረው የመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ነው። አንድን ፈተና ደግመው 95 ቢያመጡ የለኩት ሲሲኤንኤን ሳይሆን የማስታወስ ችሎታዎን ነው፤ ልምምድ ላይ 95፣ ፈተና ላይ ውድቀት የሚባለው ታሪክ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ሲለማመዱም ወደ ኋላ አይመለሱ። እውነተኛው ፈተና አንዴ ያለፉትን ጥያቄ መልሶ አያሳይዎትም፤ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ መተው የለመደ ሰው እዚያ ይቸገራል።

ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ የሳቱትን በአራት ይክፈሉ፦ ጭራሽ የማያውቁት፣ እያወቁ ጥያቄውን በትክክል ያላነበቡት፣ በሁለት መልስ መካከል የቀሩበት፣ ጊዜ ያለቀበት። መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ንባብ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ንባብ ቢጨምሩበት አይሻሻልም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚፈታው መጽሐፍ በመክፈት ሳይሆን ነገሩን ፓኬት ትሬሰር ላይ ሠርቶ በማየት ነው።

«ዳምፕ» ስለሚባለው፣ ከፈተና ተሰርቆ የወጣ ጥያቄ ስለሚሸጡት፣ ብዙ አንልም። የሲስኮን ስምምነት ይጥሳል፣ ሰርተፍኬትም ያሰርዛል። ከዚያም አልፎ መለኪያዎን ሁሉ ያበላሻል፤ በዳምፕ የመጣ 90 ምን እንደሚለካ ማንም አያውቅም።

ጊዜውን እንመልከት። የባንክ ሰው ስለሆኑ ዓመትዎ የሚዘጋው በጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 አካባቢ ነው። በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን የኔትወርክ ሰው ማታ ቤቱ አይገኝም፤ ስለዚህ ፈተናውን ግንቦትና ሰኔ ላይ አያድርሱት። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የሚያልቅበትን መስከረም 20ን መጀመሪያ ያድርጉ፤ የመስቀል ሰሞንም ያልፍልዎታል። ከዚያ 22 ሳምንት ይያዙ፦ 18ቱ የጥናት፣ 4ቱ የመጠባበቂያ። 18 ሳምንት በሰባት ሰዓት 126 ነው፤ 120ው ከላይ የከፋፈልነው፣ 6ቱ ለሦስቱ የልምምድ ፈተናዎች። መጠባበቂያውን አይናቁት። ገና፣ ጥምቀት፣ አንድ ጉንፋን፣ አንድ ድንገተኛ የቅርንጫፍ መክፈቻ አራቱንም ሊበሉት ይችላሉ። 22ኛው ሳምንት የሚያልቀው የካቲት 24 ነው። እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 13 ሳምንት አለ፤ ሁለት የመጠባበቂያ ሳምንት ሲቀነስ 77 ሰዓት ይሆናል። ቀሪው 49 ሰዓት ከዚያ በኋላ።

እንግዲህ ቅጹ ላይ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

«ግብ፦ የሲሲኤንኤ 200-301 ሰርተፍኬት ማግኘት። መነሻ፦ በክፍሎቹ ክብደት የተሰላ 63.9 በመቶ። ዒላማ፦ እስከ ታኅሣሥ 22፣ 77 የተመዘገበ የጥናት ሰዓት፣ የልምምድ ፈተና 76 በመቶ፣ ሙሉ የኔትወርክ ልምምድ በ60 ደቂቃ፤ እስከ የካቲት 24፣ ሦስት የልምምድ ፈተና በ85 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ሙሉ ልምምድ በ40 ደቂቃ፤ እስከ መጋቢት 22 ፈተናውን ማለፍ። ማስረጃ፦ የፈተናዎቹ የውጤት ገጽ፣ የፓኬት ትሬሰር ፋይሎች ከነቀናቸው፣ የሲስኮ የውጤት ወረቀት።»

በታኅሣሥ ግምገማ ላይ 76 ቢያመጡ አለቃዎ አፈጻጸሙን በአንድ መስመር ያሰሉታል፤ ከ76 ላይ 63.9 ሲቀነስ 12.1፣ ለ21.1 ሲካፈል 57 በመቶ። ግቡ በዕቅዱ ላይ 10 ነጥብ ከያዘ አከፋፈሉን እንዲህ ይደራደሩ፦ 4 ለሰርተፍኬቱ፣ 3 ለልምምድ ፈተናው፣ 2 ለእጅ ሥራው፣ 1 ለሰዓቱ። ሰዓት ትንሹን የያዘው ማንም ሰው ሊያጋንነው ስለሚችል ነው። እንዲህ ከተከፋፈለ በጠባብ ልዩነት ቢወድቁ እንኳ ዜሮ አይሰጥዎትም።

ስለ አምናው ፈተና ለአለቃዎ ይንገሯቸው። መነሻው ከየት መጣ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ገንዘቡን በዶላር ያቅዱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ነሐሴ ላይ በብር የጻፉት በየካቲት ላይበቃ ይችላል። 300 ለፈተናው፣ 300 ደግሞ ለድጋሚ ይያዙ፤ ሁለተኛው ካልተነካ ጥሩ። የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ የማግኘቱን ነገር ለፈተናው ሳምንት አያቆዩት፤ በታኅሣሥ ይጨርሱት። በቴሌግራም «በግማሽ ዋጋ ቫውቸር»፣ ማለትም የፈተና መክፈያ ኮድ፣ የሚሉትን ይራቁ። ኮዱ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ከሆነ ችግሩ የሚመለሰው እርስዎ ላይ ነው።

ሲመዘገቡ ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ ሳጥን በሳጥን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይሙሉ። ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ መጻፉ የተለመደ ነው፤ የአያት ስም የቱ ሳጥን ውስጥ እንደገባም ይለያያል። በር ላይ የሚያመሳክረው ሰው ስለ አበሻ ስም አጻጻፍ ማብራሪያ አይቀበልዎትም። ፓስፖርቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ የሚያገለግል መሆኑንም ይዩ፤ ሁለተኛ መታወቂያ ይጠየቅ እንደሆነ ደግሞ የማረጋገጫ ኢሜይሉ ላይ ያንብቡ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ኢሜይሉ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 9:00 ኤኤም ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ብሎ የሚሄድ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ቀኑንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይረው ለሌላ ሰው ያሳዩት።

ከቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል፤ ለእርስዎ ግን የፈተና ማዕከሉን እንመርጣለን። መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ሰው በር ከፍቶ ቢገባ፣ ካሜራው ፊትዎን ቢያጣ ፈተናው ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኢሜይል ልውውጥ ረጅም ነው። ማዕከሉ የሚፈልጉት ቀን ላይ ወንበር ላይኖረው ስለሚችል ሦስቱን መለኪያ ሊያሟሉ ሲቃረቡ ክፍት ቀኖቹን ማየት ይጀምሩ።

ሳይሳካ ቢቀርስ? ሲስኮ ከወደቁ ቀን ማግስት ጀምሮ አምስት ቀን እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በስድስተኛው ቀን ግን አይሂዱ፤ በአምስት ቀን የሚሻሻል ክፍተት ብዙም የለም። አዲሱን የውጤት ወረቀት ይዘው ያንኑ ስሌት ይሥሩ፣ 28 ሰዓት በአዲሱ ክፍተት ልክ ያከፋፍሉ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ይመለሱ። የካቲት 24 ላይ ወድቀው እንኳ በመጋቢት መጨረሻ ይደርሳሉ፤ ዕቅዱ ላይ መጋቢት 22 የተባለውን «ድጋሚ ካስፈለገ እስከ ሚያዝያ 15» ብለው ከአሁኑ ያስገቡት።

ዕቅዱን መልሰው ከማስገባትዎ በፊት ለሰው ሀብት ክፍል ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ። ክፍያው የሚመለሰው በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ነው ወይስ በሚመለስበት ቀን? የድጋሚ ፈተና ካለፉ የሚመለሰው የአንዱ ነው የሁለቱ? ክፍያውን ሲመልሱ የአገልግሎት ግዴታ ውል ያስፈርማሉ ወይ፣ ለስንት ጊዜ? ለ300 ዶላር የሁለት ዓመት ግዴታ ከሆነ በራስዎ ከፍለው ነፃ መሆኑን ይመርጡ ይሆናል። ሰርተፍኬቱ በሦስተኛው ዓመት መታደስ ስላለበት፣ በፈተና ወይም በ30 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ፣ የማደሻውን ወጪ ማን እንደሚችልም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ።